ማታ የሚነሳ ስልክ

በ1935 እንግሊዝ አገር፣ ሊንከን በምትባል ከተማ፣ አንድ አዲስ የተሾመ ወጣት ቄስ ሥራውን የጀመረው በቀብር ነው። ሟቿ የ14 ዓመት ልጅ ናት። የወር አበባዋ ሲመጣ ክፉ በሽታ የያዛት መሰላት፤ የምትጠይቀው ሰው አጣች፤ ራሷን አጠፋች። ቄሱ ቻድ ቫራ ይባላሉ፤ የዚያችን ልጅ ነገር እስከ እርጅናቸው ሲያነሱ ኖረዋል። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ዓመቱን የምቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ በእኛ ስቆጥር እናገራለሁ።)

ቫራ ያሰቡትን ሥራ ላይ ለማዋል 18 ዓመት ፈጀባቸው። በ1953 ለንደን መሃል፣ ባንኮች በሚበዙበት ሰፈር፣ የቅዱስ እስጢፋኖስ ዋልብሩክ ቤተ ክርስቲያን ተሰጠቻቸው። ሰፈሩ ቀን ሰው ይርመሰመስበታል፤ ማታ ግን የሚያድርበት ስለሌለ ደብሩ ምእመን የለውም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ጊዜ ነበራቸው። ቤቱ ለተቃጠለበት፣ ሌባ ለገባበት የሚደወል ቁጥር አለ፤ መኖር ላስጠላው ሰው ግን የለም፤ ይህ ነው የከነከናቸው። ለማስታወስ ቀላል እንዲሆን 9000 የሚል ቁጥር ፈለጉ። እሳቸው ሲያወሩት፣ ይህንኑ ሊጠይቁ ወደ ስልክ መሥሪያ ቤቱ ደወሉ፤ ከየት ቁጥር ነው የሚደውሉት ሲባሉ አቧራውን ጠርገው ቢያዩ የደብሩ ስልክ ራሱ 9000 ሆኖ ተገኘ። ቄስ ናቸውና ብዙም አልደነቃቸው ይሆናል። የመጀመሪያው ጥሪ የመጣው ኖቬምበር 2 ቀን ነው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ ሕግ ራስን ለማጥፋት መሞከር ወንጀል ነበር፤ የተሻረው በ1961 ነው። እንግዲህ ስምን ሳይናገሩ መደወል ከጎረቤት ሐሜት ብቻ ሳይሆን ከፖሊስም መሸሸጊያ ነበር።

እኔ የምወደው ቀጥሎ የሆነውን ነው። ጋዜጣ ወሬውን ሲያዛምተው ሰዉ በስልክም በእግሩም ጎረፈ፤ አንድ ቄስ አልቻለውም። በፈቃዳቸው የሚረዱ ሰዎች ተሰበሰቡ። ሥራቸው መምከር አልነበረም፤ ወረፋ የሚጠብቀውን ሰው ሻይ እያጠጡ ማቆየት ነበር። ቫራ ጥቂት እንደቆዩ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሰዉ የሆዱን ሁሉ ሻይ ላቀረበችለት ሴት ዘርግፎ፣ ተራው ሲደርስ ቄሱን ሳያገኝ ቀሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሌላ ሰው ቢሆን ቅር ይለው ነበር። እሳቸው ግን በ1954 መጀመሪያ ስልኩን አንስተው ለሻይ አቅራቢዎቹ አስረከቡ። ጋዜጣው ባወጣላቸው ስም ሳምራውያን ተባሉ፤ ዛሬም ድረስ በዚሁ ስም ይሠራሉ።

ሻይ እያቀረቡ ሰው ማቆየት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። በአንድ የክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ለዓመታት የሴቶች ዶርም ፕሮክተር ነበርኩ። ቁልፍ መስጠት፣ ፍራሽ መቁጠር፣ አምሽታ የገባችውን መመዝገብ ነው ሥራዬ። በኋላ በኤክስቴንሽን ሳይኮሎጂ ተምሬ ወደ ተማሪዎች ምክር አገልግሎት ተዛወርኩ። ቢሮው የሚከፈተው በመንግሥት የሥራ ሰዓት ነው። በሩ ላይ የምን ቢሮ እንደሆነ በትልቁ ተጽፏል፤ ፊት ለፊቱ ሬጅስትራር ነው፤ ሬጅስትራር ደግሞ ሰልፍ አያጣም። ያ ሁሉ ተማሪ እያየ ያንን በር የሚያንኳኳ ማነው? ፕሮክተር ሳለሁ ግን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ "ማዘር፣ አምፖል ተቃጠለብን" እያሉ ይመጡብኝ ነበር። አብሬ ሄጄ አያለሁ። አምፖሉ አልተቃጠለም።

የቫራን ስልክ ወደ ተማሪ ጊቢ ያስገባው በምሥራቅ እንግሊዝ የሚገኘው የኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ዘመኑም 1970። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ መቀበል ከጀመረ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር፤ ተማሪዎቹን ያስቀመጠውም ጠባብ ክፍል በተደራረበባቸው ረጃጅም ፎቆች ውስጥ ነው። አገልግሎቱን ናይትላይን አሉት። ቢሮዎች ሲዘጉ ይከፈታል፤ ሊነጋጋ ሲል ይዘጋል። ስልኩን የሚያነሱት ሠልጥነው የተመረጡ ተማሪዎች ናቸው። ደዋዩ ስሙን አይጠየቅም፤ አንሺውም ስሙን አይናገርም፤ በብዙ ቦታ አንሺ መሆኑን እንኳ ለጓደኞቹ አያወራም። ምክር አይሰጥም፤ ይሰማል፤ ደዋዩ ከፈለገ የሚሄድበትን ቦታ ይነግረዋል። ሐሳቡ ወደ ሌሎች የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ከዚያም ወደ ሌላ አገር ተዛመተ።

አንዳንድ ባልደረቦቼ "አይመክርም" የሚለው ይቆረቁራቸዋል። እኛ አገር ታላቅ ሰው ካልመከረ ምን ሠራ ይባላል? እኔም ልጅቷን ከአልጋዋ ጠርዝ አስቀምጬ "ጠንክሪ፣ እናትሽ ስንቱን ችላ አስተማረችሽ" ማለት የሚቀናኝ ሰው ነኝ። ነገር ግን እናቷ የቻለችውን እሷ ከእኔ ይበልጥ ታውቀዋለች፤ እንቅልፍ የነሳትም እሱ ነው። ምደባ ደርሷት ከቤቷ የሁለት ቀን መንገድ ርቃ የመጣች ፍሬሽ ተማሪ፣ ሰፈር ሙሉ በደስታ የሸኛት ልጅ፣ የመጀመሪያውን ሚድ ስትወድቅ ወደ ማን ትደውላለች? ቤት ደውላ "ደህና ነኝ" ትላለች። የኤሴክስ ተማሪዎች የገባቸው ይህ ይመስለኛል፤ ፈተና የሚፈተን ሰው ስልኩን ሲያነሳው ውድቀት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም።

ወደ ኮምፒውተር የተሻገርነው በ1986፣ አሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት፣ ኢታካ ከተማ ባለው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነው። ኢንተርኔት የምንለው ድር ገና አልተፈጠረም። ጊቢው ውስጥ ግን የካፌውን ምግብ፣ የአውቶቡሱን ሰዓት የሚያሳዩ በመስመር የተያያዙ ኮምፒውተሮች ነበሩ። የዩኒቨርሲቲው የሥነ ልቡና አገልግሎት ኃላፊ ጄሪ ፋይስትና የኮምፒውተር ባለሙያው ስቲቭ ዎሮና ተመካክረው አንድ አጎት ፈጠሩ፤ "ውድ አጎት ኤዝራ"። ተማሪ ስሙን ሳይጽፍ ይጠይቃል፤ አጎት ኤዝራ ይመልሳል፤ መልሱን ጊቢው ሁሉ ያነባል። ስሙ የዩኒቨርሲቲው መሥራች የኤዝራ ኮርኔል ነው፤ ሰውዬው ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድመው ሞተዋል፤ ሀብታቸውንም ያገኙት በቴሌግራፍ ሥራ ነበር። የዛሬ ተማሪዎቻችን ብሶታቸውን የሚያፈሱበት መተግበሪያ ቴሌግራም መባሉን ቢሰሙ ደስ ይላቸው ነበር።

አጎት ኤዝራን ከስልኩ የሚለየው አንድ ትልቅ ነገር አለ። በስልክ የተነገረ ለአንድ ጆሮ ነው። እዚህ ግን አንዱ የጠየቀውን፣ ያንኑ ጥያቄ በሆዱ ይዞ ያልደፈረ ሌላ ሺህ ተማሪ ያነበዋል። ደግሞ ጥያቄው ሁሉ ከባድ አልነበረም፤ ስለ ጊቢው ተራ ነገር የሚጠይቅ፣ አጎቱን ሊፈታተን የሚቀልድ፣ ፍቅር የያዘው፣ ቀጥሎ ደግሞ መኖር የሰለቸው፤ ሁሉም በአንድ ሰሌዳ ላይ ተቀላቅሎ ይወጣል። አምፖሏ እዚህም አለች። ተራውን ነገር የማያስተናግድ ቦታ ከባዱን አይሰማም፤ ሰው በር የሚሞክረው በትንሽ ነገር ነው።

ከኮርኔል 20 ዓመት በፊት ግን ሌላ ነገር ተፈጥሯል፤ ወደኋላ ልመለስ። ጆሴፍ ዋይዘንባውም በልጅነቱ በ1936 ከናዚ ጀርመን ከቤተሰቡ ጋር ሸሽቶ አሜሪካ የገባ የበርሊን አይሁድ ነው። ኤምአይቲ በሚባለው የቴክኖሎጂ ተቋም ሲያስተምር በ1966 ኢላይዛ የተባለ ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ኢላይዛ የሚያውቀው ነገር የለም። "እናቴ ትጠላኛለች" ተብሎ ቢጻፍለት "እስቲ ስለ ቤተሰብህ ንገረኝ" ብሎ ነገሩን ወደ ጻፈው ሰው ይመልሰዋል። የአንድን ዓይነት የሥነ ልቡና ሐኪም አነጋገር እንዲያስመስል የተሠራ ነው። ዋይዘንባውም የማሽን ንግግር ባዶነት ይታይ ብሎ ነበር፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ፕሮግራሙ ሲሠራ ለወራት ያየችው የገዛ ጸሐፊው ከኢላይዛ ጋር ጥቂት ተጻጽፋ፣ እባክህ ከክፍሉ ውጣልኝ አለችው። በነገሩ ደንግጦ በ1976 ለማሽን የማይሰጥ የሰው ሥራ አለ የሚል መጽሐፍ ጻፈ። ኬኔዝ ኮልቢ የተባለው የአእምሮ ሐኪም ደግሞ በተቃራኒው፣ ሐኪም ባጠረበት ሆስፒታል አንድ ኮምፒውተር በሰዓት በመቶ የሚቆጠሩ ሕሙማንን ሊያስተናግድ ይችላል ብሎ ተስፋ አደረገ።

ስለ ኢላይዛ የሚጽፉ ሁሉ ያቺን ሴት እንደ ተታለለች አድርገው ያነሷታል። እኔ አይመስለኝም። ማሽን መሆኑን ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ሲሠራ አይታለች። ያዘዘችው ማሽኑን ሳይሆን አለቃዋን ነው፤ ውጣልኝ። የፈለገችው ማንም የማያይባት ጥግ ነው፤ እሱንም በማሽኑ ሰበብ አገኘችው። ኮልቢ በሰዓት ስንት ሰው ብሎ ሲያሰላ፣ ዋይዘንባውም ማሽን አይረዳም ብሎ ሲከራከር፣ በሩን መዝጋት ነገሩን ግማሹን እንደሚሠራ ሁለቱም ያለፉት ይመስለኛል።

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ ፈጣን ነው። በ2001 የአውስትራሊያ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ሙድጂም የተባለ ነፃ ድረ ገጽ አወጣ፤ አምስት ክፍል ያለው፣ የሚያስጨንቅን ሐሳብ እንዴት መመርመር እንደሚቻል የሚያስተምር ነው። በ2004 ሄለን ክሪስተንሰንና ባልደረቦቿ በ525 ሰዎች ላይ ሞክረው ድባቴን እንደሚቀንስ አሳዩ። በጥናቱ ውስጥ ያሉትን ግን በየሳምንቱ አንድ ሰው ይደውልላቸው ነበር። ድረ ገጹን በራሳቸው አግኝተው ከገቡት መካከል አብዛኞቹ መንገድ ላይ ነው ያቆሙት። የሚደውል ሰው በሌለበት ትምህርት መጨረስ እንዴት እንደሚከብድ የርቀት ተማሪ የነበረ ሁሉ ያውቃል።

በ2013 አሜሪካ ውስጥ ናንሲ ሉብሊን የመሠረተችው የጽሑፍ መልእክት መስመር ሥራ ጀመረ። ለዶርም ተማሪ ከስልክ ይልቅ የሚስማማው ይኸኛው ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ሆነው በተደራራቢ አልጋ የሚያድሩ ልጆች እንዴት አድርገው ነው ስልክ ደውለው የሚያለቅሱት? መልእክት ድምፅ የለውም፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ይጻፋል። (እኛ አገር ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ይህ የጽሑፍ መልእክት ራሱ ለሁለት ዓመት ያህል ተዘግቶ ነበር፤ ዓመቱ በእኛ ነው።) መስመሩ መልእክቶችን እንደ አመጣጣቸው ሳይሆን እንደ አደጋቸው ክብደት በኮምፒውተር እየለየ ቶሎ መልስ የሚሹትን ያስቀድማል። ይህ ብልህነት ነው። በ2022 ግን የንግግሮቹን መረጃ፣ ስም ተሰርዞለት፣ ራሱ ላቋቋመው የንግድ ድርጅት ሲያጋራ መቆየቱ ተጻፈበት። ጩኸት በዛ፤ ማጋራቱ ቆመ። ስም የለበትም ተባለ፤ እውነት ነው። ልጅቷ በሌሊት የጻፈችው ግን ለሚሰማት ሰው እንጂ ለደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞች ማሠልጠኛ አልነበረም።

የኮልቢ ተስፋ በ2017 ዎቦት ሆኖ መጣ። የስታንፎርድ ተመራማሪ የነበረችው አሊሰን ዳርሲ የሠራችው፣ በስልክ የሚያጫውት፣ ስሜትን በየቀኑ የሚጠይቅ ሮቦት ነበር። የመጀመሪያው ሙከራ የተደረገው ከ18 እስከ 28 ዓመት ባሉ 70 ወጣቶች ላይ፣ ለሁለት ሳምንት ነበር። ግማሾቹ ሮቦቱን፣ ግማሾቹ ስለ ተማሪዎች ድባቴ የተጻፈ የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ተሰጣቸው፤ የሮቦቱ ቡድን የድባቴ ምልክት ቀነሰ። ሁለት ሳምንት እኛ ጊቢ ከሚድ እስከ ሚድ እንኳ አያደርስም፤ ሆኖም ጥናት ነው፤ አልንቀውም። ጁን 2025 መጨረሻ ላይ መተግበሪያው ተዘጋ፤ የመንግሥት ተቆጣጣሪውን ፈቃድ የማግኘቱ ወጪና ድካም ከምክንያቶቹ አንዱ ነበር። የሳምራውያን ስልክ ግን ከ70 ዓመት በላይ ሆኖት ይጮሃል።

እኛ ጋ ታሪኩ የሚጀምረው ከሌላ ጫፍ ነው። ማጽናኛው ወደ ስልክ ሳይገባ ማስደንገጫው ቀድሞ ገባ። ዱሮ ግሬድ የሚለጠፈው ዲፓርትመንቱ ግድግዳ ላይ ነበር፤ በመታወቂያ ቁጥር። ተማሪው ተገፋፍቶ ይጠጋና ጣቱን በቁጥሮቹ ላይ እየነዳ ራሱን ይፈልጋል። ጭካኔ ነበረበት፤ ቁጥርህን የሚያውቅ ሁሉ ውጤትህን ያያል። ግን የወደቀች ልጅ ፊቷ ሲለወጥ አጠገቧ የቆመው ሰው ያይ ነበር። ክንዷን ይዘው ላውንጅ ይወስዷታል፤ ሻይ ይገዙላታል፤ እገሌም እኮ ዋርኒንግ ነበረው፣ ዛሬ ኢንጂነር ነው ይሏታል። ውጤት ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር ያ ግፊያ ቀረ፤ ክንድ መያዙም አብሮ ቀረ።

በእኛ አቆጣጠር የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ይህን በአገር ልክ አሳየን። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ጊቢ ተሰጠ፤ እኛም ፍራሽ ስናነጥፍ ሰነበትን። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ልጆች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው። ውጤቱ በድረ ገጽ፣ በአጭር መልእክትና በቴሌግራም ቦት ይታይ ነበር። ልጁ ቁጥሩን ያስገባል፤ ብቻውን ነው፤ ቦቱ ይመልስለታል። በኋላ ለሬሜዲያል ወደ እኛ የመጡት ተማሪዎች ያሳዩኝ ስክሪንሾት ላይ የየትምህርቱ ውጤት በሥርዓት ተደርድሯል፤ ከሥሩ ከከፋህ እዚህ ደውል የሚል አንድ መስመር አላየሁም። ለክፉው ወሬ ሦስት መንገድ ነበረን።

ተማሪዎቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የራሳቸውን አጎት ኤዝራ ሠርተዋል፤ በየዩኒቨርሲቲው ስም የሚጠሩ የቴሌግራም መናዘዣ ቻናሎች አሉ። ለቦቱ ትጽፋለህ፤ አድሚኑ ስምህን ሳያወጣ ይለጥፈዋል፤ ሺዎች ያነባሉ፤ ከሥሩ ይጽፋሉ። "ደብሮኛል" የሚል፣ የክፍሏን ልጅ የወደደ፣ ካፌውን የሚሳደብ፣ ከዚያ መካከል ድንገት ደም የሚያቀዘቅዝ አንድ አንቀጽ። መልሱም እንዲሁ ድብልቅ ነው፤ አይዞሽ የሚል፣ ጸበል ሂጂ የሚል፣ ስልክ ቁጥሩን የሚሰጥ፣ የሚሳለቅ። ኮርኔል ግን መልሱን የሚጽፈው የሠለጠነ ሰው ነበር። እዚህ ማንም ነው።

ከእነዚህ አድሚኖች አንዱ አንድ ቀን ቢሮዬ መጣ። ሦስተኛ ዓመት ነው፤ ዓይኑ ደፍርሷል። ስለ ራሱ አልነበረም የመጣው፤ ሌሊት የሚደርሱትን መልእክቶች ለማን እንደሚሰጥ ሊጠይቅ ነው። አንዷ እነግርሃለሁ ብላ መጻፍ አቁማ ነበር፤ ማን እንደሆነች አያውቅም፤ ማወቅም አይችልም፤ ቦቱን የሠራው እንዳይታወቅ አድርጎ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ስልኩን ታቅፎ ጠብቋታል፤ ሊነጋጋ ሲል ጻፈች። አንድ የ21 ዓመት ልጅ ቫራ በ1953 ጥሪው ሲበዛባቸው የነበሩበት ቦታ ላይ ቆሟል፤ ያለ ሻይ አቅራቢዎቹ።

በዚያው ሰሞን ከበላይ ለተማሪዎች ምክር መተግበሪያ ይሠራ የሚል ደብዳቤ መጣ። ተሠራ፤ ያምራል፤ አረንጓዴ ነው። ሲከፈት መጀመሪያ የሚጠይቀው ሙሉ ስም፣ መታወቂያ ቁጥርና ዲፓርትመንት ነው። አይቼ ዝም አልኩ፤ ተማሪዎቹም አይተው ዝም አሉ።

እኔና ያ አድሚን ያደረግነው የበለጠ ተራ ነገር ነው። አንድ ተራ የቁልፍ ስልክ ገዛን። ከአራተኛና ከአምስተኛ ዓመት ፈቃደኞች ለይተን፣ መቼ እንደሚሰሙና መቼ ወደ ክሊኒክ እንደሚያስተላልፉ አሠለጠንናቸው፤ ከምሽቱ ሦስት እስከ ንጋት አሥራ አንድ በተራ ይይዙታል። ቁጥሩ በየዶርሙ መጸዳጃ ቤት በር ከውስጥ በኩል ተለጥፏል፤ ተማሪው እዚያ ሲያነብብ ማንም አያየውም። ቻናሉም ከባዱ መልእክት ሲመጣ ቁጥሩን ይልካል። መጀመሪያ የተጠየቅነው ውኃ መቼ ይመጣል፣ የምግብ ካርድ የጠፋበት ምን ያድርግ የሚል ነበር። ሁሉንም መልሱ አልኳቸው።

ያልጠበቅነው ነገር ተማሪው የስልክ ሒሳብ የሌለው መሆኑ ነው። ስለዚህ አይደውልም፤ መልሰው ይደውሉልኝ የሚለውን ነፃ መልእክት ነው የሚልከው። እኛ ነን የምንደውለው፤ ሌሊት የሚወራ ወሬ ደግሞ አጭር አይደለም፤ የካርድ ወጪው በዛ። ለፋይናንስ ጻፍን። ፋይናንስ ለኦዲት እንዲመች የተደወለላቸው ተማሪዎች ስም ዝርዝርና የጥሪው ምክንያት ተያይዞ ይቅረብ ብሎ መለሰልን። ስም የለም ብዬ ጻፍኩ። ስም የሌለው ወጪ አይወራረድም ተባልኩ። የደብዳቤው ልውውጥ እንደቀጠለ ነው፤ ካርዱን ለጊዜው ፈቃደኞቹ እያዋጡ ይሞላሉ።